መልስ፦ የመጀመሪያው ጥቁር የቤዝቦል አሰልጣኝ

በሜጀር ሊግ ቤዝቦል (በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ውድድር) የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ማነው፣ ዋሽንግተን ዲሲንስ አሰልጥኗል ወይ ብለሃል። ሰውዬው ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። አዎ፣ የዲሲውን ቡድን ናሽናልስንም ይዟል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ቴክሳስ ተወልዶ ኦክላንድ ነው ያደገው። በተጫዋችነቱ ጉድ ነበር፤ 586 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መትቷል። በ1961 በናሽናል ሊግ፣ በ1966 ደግሞ በአሜሪካን ሊግ፣ ማለትም በሜጀር ሊጉ ሁለቱም ክፍሎች ኮከብ ተጫዋች ተብሏል።

የክሊቭላንድ ቡድን በ1975 አሰልጣኝ አድርጎ ሲሾመው ገና መጫወቱን አላቆመም። ኤፕሪል 8 ከያንኪስ ጋር ሲገናኙ ራሱን ሁለተኛ መቺ አድርጎ አሰለፈ። የመጀመሪያ ተራው ሲደርስ ኳሷን ከሜዳ አስወጣት! 5 ለ 3 አሸነፉ።

ከዚያ ሳንፍራንሲስኮን ያዘ። ባልቲሞርን በ1988 የተረከበው ቡድኑ 6 ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፎ ነው፤ እሱ ከገባ በኋላም 15 ጨመሩበት። ሌላው ቢሆን ጥሎ ይሄድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 87 ጨዋታ አሸንፈው የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።

በ2002 ሞንትሪያልን ያዘ፤ ክለቡ በ2005 ዲሲ ሲገባ አብሮ መጣ። ኮስታራ ነው ይባል ነበር። ግን በ2006 ማት ሌክሮይ የተባለውን ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘውን ተጫዋች) በጨዋታ መሀል አስወጣው፤ የተጋጣሚው የአስትሮስ ሯጮች 7 ጊዜ ቤዝ ሰርቀውበት (ኳሷ ሳትመታ ሮጠው ቀጣዩን ማረፊያ ይዘውበት) ነበር። ቡድኑ አሸነፈ። እሱ ግን ልጁን አሳፈርኩት ብሎ ጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ። ለእኔ ከሆም ረኖቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ተሰናበተ፤ በ2019 በ83 ዓመቱ አርፏል።