መልስ፦ ተከሳሽ ተጫዋች ሳይፈረድበት መታገዱ

«ገና ሳይፈረድበት ዩኒቨርሲቲው ከቡድኑ ማገዱ ንፁህ ሆኖ የመገመት መብቱን አይጥስም ወይ?» ብለሃል። ባጭሩ፣ ያ መብት በዋናነት የሚያስረው የወንጀል ፍርድ ቤቱን ነው። አቃቤ ሕግ ማስረጃ ካላመጣ ተከሳሹ ነፃ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ ግን የራሱ የዲሲፕሊን ደንብ አለው፤ ማስረጃም የሚመዝነው በላላ ሚዛን ነው።

ይህ ማለት ግን እንዳሻው ያደርጋል ማለት አይደለም። የአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረውን ቴረንስ ሻነንን ተመልከት። በታኅሣሥ 2023 (በፈረንጆቹ) ካንሳስ ውስጥ በአስገድዶ መድፈር ተከሰሰ፤ ዩኒቨርሲቲው ወዲያው አገደው። እሱም ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛዋ በጥር 2024 እግዱን አነሱለት። ምክንያት? ኢሊኖይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ተማሪውን በአግባቡ የመስማት ግዴታ አለበት። ልጁ ስድስት ጨዋታ አምልጦት ተመለሰ። በሰኔ ደግሞ ካንሳስ ውስጥ ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) ነፃ አለው።

የግል ዩኒቨርሲቲ ላይ ይህ ክርክር ብዙም አያስኬድም። እዚያ የምትይዘው የራሱን ደንብና ውል ነው። ዱክ የተባለው የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲ የላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) ቡድን ተጫዋቾቹ በአስገድዶ መድፈር ሲጠረጠሩ፣ በ2006 የውድድር ዘመኑ የተሰረዘበት ማንም ገና ሳይከሰስ ነበር (ጉድ እኮ ነው!)። በዓመቱ የግዛቲቱ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ የተከሰሱትን ሦስቱንም ንፁሃን ናቸው አለ። ክሱን የመሠረተው አቃቤ ሕግ የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ።

እኔ ብሆን፣ ተከሰሰ ስለተባለ ብቻ አላባርርም። ግን ከሳሿም እዚያው ግቢ የምትማር ከሆነ፣ እስኪጣራ ማራራቁ ተገቢ ይመስለኛል። የጠየቅከው ልጅ ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው ወይስ የግል?