ማሳደጊያ የተውኳት ልጅ ከእናቴ ጋር አጣላችኝ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በዕረፍቴ ውጭ አገር ሄጄ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃደኝነት ሁለት ወር ሠራሁ። አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ በጣም ለመደችኝ። ስመጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አሁን እንቅልፍ የለኝም፣ ትምህርትም አልገባኝ ብሏል። «አቋርጬ ልመለስ» ስላት እናቴ ተቆጣች። ከተኮራረፍን ሰነበትን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የያዘሽ ሐዘን ነው። እንደዚያ የምታለቅስ ሕፃን ትቶ መውጣት ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ ራስሽን አትውቀሺ።

መመለሱን ግን እኔም ቆይ እልሻለሁ። እናትሽ የምታስበው ለአንቺ ነው፤ እኔ የማስበው ለልጅቷ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ በ1951 እ.ኤ.አ. ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሪፖርት፣ ሕፃን ልጅ ከእናቱ ወይም በእሷ ቦታ ሆኖ ከሚያሳድገው ሰው ጋር የማይቋረጥ ቅርበት እንደሚያስፈልገው ጽፏል። ማሳደጊያ ውስጥ ተንከባካቢዎች በፈረቃ ይቀያየራሉ። በዚያ ላይ በጎ ፈቃደኛ ይመጣል፣ ያቅፋል፣ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ያገኘውን እንግዳ ሁሉ «እቀፈኝ» የሚል ልጅ ስናይ ተግባቢ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን «የእኔ» የሚለው አንድ ሰው ያጣ ልጅ ነው። አንቺ ተመልሰሽ ጥቂት ወር ብትቆዪ፣ ልጅቷን ሁለተኛ መለየት ይጠብቃታል።

የሚበጃት ቤተሰብ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩማንያ ውስጥ ቡካሬስት ላይ በተካሄደ ጥናት፣ ከማሳደጊያ ወጥተው አሳዳጊ ቤተሰብ ያገኙ ሕፃናት እዚያው ከቀሩት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ማሳደጊያ ካሉ ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም ዘመድ አላቸው። እንግዲህ ለኃላፊዎቹ ጻፊ። ዘመዶቿን ለመፈለግ ወይም አሳዳጊ ቤተሰብ ለማግኘት ምን እየተሠራ እንደሆነ ጠይቂ። መርዳት የምትችዪ ከሆነ ያንን ሥራ እርጂ። በቪዲዮ መደወል ካማረሽ መጀመሪያ ተንከባካቢዋን አማክሪ፤ ለአንቺ ናፍቆት ማስታገሻ ብቻ እንዳይሆን።

ትምህርትሽን ጨርሺ። ነርስ ሆነሽ ብትሄጂ ተንከባካቢዎቹን ስለ ንጽሕና፣ ስለ አመጋገብ፣ የታመመ ልጅ መቼ ሐኪም ጋ መሄድ እንዳለበት ማሠልጠን ትችያለሽ። አንቺ ወደ አገርሽ ስትመለሺ እነሱ ከልጆቹ ጋር ይቀራሉ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እኔ እንደሚመስለኝ እሷ የሰማችው «ትምህርቴን ላቋርጥ» የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ልጅቷስ በደንብ ነግረሻታል? ካልነገርሻት ቁጭ ብላችሁ፣ «እማዬ፣ አሁን ልሂድ እያልኩሽ አይደለም፤ ያየሁትን ብቻ ስሚኝ» በያት። መጀመሪያ ቀን ላትረጋ ትችላለች፤ ታገሻት። እንቅልፍ ማጣቱ ካልተሻለሽ ወይም ምግብም ካስጠላሽ ደግሞ ፈተና እስኪደርስ አትጠብቂ፤ የትምህርት ቤትሽን የምክር አገልግሎት ዛሬውኑ አነጋግሪ።