ግራፊን በክፍል ሙቀት ኳንተማዊ ጠባይ ያሳያልን?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኖች ኳንተማዊ ጠባይ (ጉልበታቸው በተወሰኑ እርከኖች ብቻ መገኘቱን የመሰለ) ጎልቶ የሚታየው ቁሱ ወደ ፍጹማዊ ዜሮ ተጠግቶ ሲቀዘቅዝ እንደሆነ ተምሬአለሁ። ይሁንና ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ) በክፍል ሙቀትም ይህንኑ እንደሚያሳይ ሰማሁ። ይህ እውነት ከሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም በፈሳሽ ሂሊየም የሚያቀዘቅዙት ለምንድን ነው? (የፊዚክስ ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ግራ ያጋባዎት፣ እንደሚመስለኝ፣ ጉዳዩ በትምህርት ቤት «ቅዝቃዜ ካለ ኳንተም አለ» ተብሎ ማጠሩ ነው። ወሳኙ ቅዝቃዜው ሳይሆን የሙቀቱ ጉልበት ከኤሌክትሮኖቹ የጉልበት እርከኖች ክፍተት ጋር ሲነጻጸር ያለው መጠን ነው።

በጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በስስ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች የላንዳው እርከኖች በሚባሉ በተወሰኑ የጉልበት መጠኖች ላይ ብቻ ይቆማሉ፤ የሆል ሙግደትም (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን አቋርጦ የሚለካው ቮልቴጅ ለፍሰቱ ሲካፈል የሚገኘው) በዚህ የተነሳ በደረጃ ይለወጣል። ይህንን ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ፎን ክሊትዚንግ እ.ኤ.አ. በ1980 ደርሶበታል። በክፍል ሙቀት የሙቀቱ ጉልበት 26 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ሲሆን፣ በጋሊየም አርሴናይድ ውስጥ ግን በ10 ቴስላ መስክ የእርከኖቹ ክፍተት 17 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ በሙቀቱ እየተገፉ ከእርከን ወደ እርከን ይዘላሉ፤ ደረጃውም ደብዝዞ ይጠፋል። በግራፊን ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን ግዝፈት እንደሌላቸው ሆነው፣ ከብርሃን 300 ጊዜ ገደማ ባነሰ ፍጥነት ስለሚጓዙ፣ በዚያው መስክ የመጀመሪያው ክፍተት 115 ሚሊኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያሉት ክፍተቶች እየጠበቡ ስለሚሄዱ በሙቀት ቀድመው የሚደበዝዙት እነርሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነው ሙከራ በአሜሪካ ታላሃሲ በሚገኝ የ45 ቴስላ ማግኔት ውስጥ (ይህ ከምድር መስክ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል!) ክፍተቱ 240 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ስለደረሰ፣ የሆል ሙግደቱ በክፍል ሙቀት 12,906 ኦም አካባቢ ረግቶ ታይቷል።

ይሁን እንጂ ሙቀቱ ጥቂት ኤሌክትሮኖችን ማሻገሩን ስለማያቆም፣ ያ እርጋታ ለኦም መለኪያነት የሚበቃ አይደለም። ትክክለኛነቱ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ እንዲዛነፍ የሚፈልጉ የልኬት ቤተ ሙከራዎች በሲሊከን ካርባይድ ላይ ያደገ ግራፊንን ወደ 4 ኬልቪን ገደማ ያቀዘቅዛሉ፤ ትርፋቸው በ5 ቴስላ አካባቢ በሆነ መስክ መሥራት መቻላቸው ነው። ሌሎች ክስተቶች ደግሞ ከዚህ ይልቅ በሙቀት በቀላሉ የሚጠፉ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ1.1 ዲግሪ ተጠማዝዘው በተደራረቡ ሁለት የግራፊን ንጣፎች ላይ የታየው ሱፐርኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ሙግደት የሚያልፍበት ክስተት) ከ1.7 ኬልቪን በላይ አይዘልቅም ነበር።