ከፔዳሉ በፊት ጫማው፦ ስለ ክሊት ፔዳል ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከክለባችን አባላት ስለ ክሊት ፔዳል የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች በዝተዋል። ለማያውቀው ያህል፣ ክሊት ከጫማ ሶል ሥር በብሎን የሚታሰር ቁራጭ ነው፤ ፔዳሉ በሞላ ነክሶ ይይዘዋል፣ ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር ይለቀዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ፣ የጠያቂዎችን ስም ትቼ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዬን የመንገድ ብስክሌት ገዛሁ። ፔዳሉ ሺማኖ ይሁን ወይስ ሉክ? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከጅራቱ ይዘውታል። መጀመሪያ የሚመረጠው ጫማው ነው፤ ጫማውን የሚወስነው ደግሞ ከብስክሌት ወርደው ምን ያህል እንደሚራመዱ ነው። ጫማውን ገልብጠው ሶሉን ይመልከቱ። ጎን ለጎን ሁለት ብሎን የሚያስገባ ከሆነ ኤስፒዲ ለሚባለው የሺማኖ ፔዳል የተሠራ ነው። ክሊቱ ትንሽ ብረት ስለሆነ በሶሉ ጎማ መካከል ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ ደረጃ ወጥተው፣ ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ። በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ቀዳዳዎች ካሉት የመንገድ ውድድር ጫማ ነው፤ የሺማኖ ኤስፒዲ ኤስኤል፣ የሉክ ኬዮ እና የታይም የመንገድ ክሊቶች የሚታሰሩት በዚህ ላይ ነው። ክሊቱ ሰፊ ፕላስቲክ ነው፤ ከሶሉ በታች ወጣ ብሎ ስለሚቀር በእሱ የሚራመድ ሰው አካሄዱ የዳክዬ ይሆናል።

ከዚህ ምርጫ ጋር ሲተያይ የሺማኖና የሉክ ልዩነት ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ክሊት መልኩ ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ፔዳል ላይ አይገባም። አዲስ ፔዳል ከነክሊቱ ይመጣል፤ በኋላ መተኪያ ከውጭ ሲያስመጡ ግን የፔዳሉን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል ይጻፉ። «ለመንገድ ብስክሌት የሚሆን» ብሎ መላክ ለዘመድዎም ለእርስዎም ድካም ነው።

ጥያቄ፦ በሥራ ቀን ከሳሪስ ቦሌ እመላለሳለሁ፤ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ እወጣለሁ። ሁለት ዓይነት ፔዳል ያስፈልገኛል? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። ኤስፒዲ ይግዙና ሁለቱንም ይሥሩበት።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሦስት ብሎን ያለው ፔዳል የሚነክሰው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። የኋላ ጎኑ ስለሚከብድ እግር ሲነሳለት አፍንጫው ሽቅብ ቀና ብሎ ይቆማል፤ እርስዎም በጫማዎ ጫፍ ጠልፈው፣ ወደ ፊት ገፍተው መርገጥ አለብዎት። ለለመደው ቀላል ነው። ነገር ግን ሚኒባስ ከፊትዎ ተሳፋሪ ሊጭን ድንገት ሲቆም፣ ከኋላ ክላክስ ሲያንባርቅ፣ እርስዎ ደግሞ አንገትዎን ደፍተው ፔዳል ሲፈልጉ ይታይዎት። የተለመደው ኤስፒዲ በሁለቱም ፊቱ ስለሚነክስ በየትኛውም በኩል ቢረግጡት ይይዛል። በዚያ ላይ ኮብልስቶን ላይ ብስክሌት እየገፉ መሄድ አለ፤ የፕላስቲክ ክሊት እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ ቶሎ ይበላል።

አንዱ ፊቱ ኤስፒዲ፣ ሌላው ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነም ፔዳል አለ፤ በተራ ጫማ ለሚወጡበት ቀን ይመቻል። ብዙ ሰው አይወደውም፣ ግማሽ ነገር ይመስለዋል። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ግን ከሁሉም ይሻላል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ኤስፒዲ ኃይል ያባክናል፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ያስቀራል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የሶሉ ጥንካሬ ከክሊቱ ዓይነት የበለጠ ዋጋ አለው። ሶሉ የሚተጣጠፍ የእግር ጉዞ ዓይነት ጫማ ላይ ትንሽ ክሊት ካሰሩ፣ ረጅም መንገድ ላይ በክሊቱ ትክክል የእግር መዳፍ ይቃጠላል፤ ወሬውም የሚነሳው ከዚህ ነው። ሶሉ ጠንካራ ከሆነ ብዙ ልዩነት አይሰማም። ተወዳዳሪዎች ሦስቱን ብሎን የሚመርጡት ሰፊው ክሊት ግፊቱን በሰፊው ስለሚያሳርፈው፣ እግርም ለሰዓታት ሳይዋልል ስለሚቆይ ነው። እርስዎም ለውድድር የሚዘጋጁ ከሆነ እሱኑ ይግዙ፤ አልከራከርም።

አብሮ የሚወራ ሌላ ነገር አለ፦ «ክሊት ካሰርህ ፔዳሉን ወደ ላይ እየሳብህ ትወጣለህ» የሚባለው። በተለካ ጊዜ ግን ሌላ ነው የታየው። ጉልበቱ ከሞላ ጎደል የሚመጣው ወደ ታች ከመርገጥ ነው፤ የተካኑ ተወዳዳሪዎችም ቢሆኑ በተረጋጋ ጉዞ የሚያነሱትን እግር ክብደት ያቀላሉ እንጂ እምብዛም አይስቡም። የክሊት ጥቅሙ እግር በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ፣ ኮረኮንች ላይ እንዳይዘል፣ ተነስተው ሲፈተለኩም እንዳያመልጥ ማድረጉ ነው።

ጥያቄ፦ እውነቱን ልናገር፣ መውደቅ እፈራለሁ። መብራት ላይ እግሬ አልወጣ ቢልስ? (ሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ክሊት የሚጥለው በሩጫ ላይ ሳይሆን ቆመሽ ነው፤ ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ ብስክሌቱ ቀስ እያለ ይዘነበላል፣ እግር ደግሞ በደመ ነፍስ ወደ ላይ ይጎትታል። ኤስፒዲም ሆነ ኤስፒዲ ኤስኤል በተለመደው ክሊት ወደ ላይ ሲጎትቱት እንዲለቅ አልተሠራም። የሚለቀው ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሞላውን ጥብቀት ቀንሺው። ፔዳሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ወደ መቀነሻው ምልክት አዙሪያት፤ ኤስፒዲ ከሆነ ሁለቱንም ፊት አትርሺ፣ በየፊቱ የራሱ ብሎን አለው። ከዚያ አንድ እጅሽን ግድግዳ ላይ አድርገሽ ኮርቻው ላይ ተቀመጪና አስገቢ፣ አውጪ፤ ተረከዝሽ ሳታስቢው እስኪዞር ድረስ። ቀጥሎ ሣር ያለበት ሜዳ። አስፋልት የመጨረሻው ነው።

መንገድ ላይ ከመቆምሽ በፊት፣ ገና እየተንከባለልሽ ሳለ አንዱን እግር አውጪ። የሚወጣው ቀኝ ይሁን። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በቀኝሽ ነው፣ መኪናው በግራሽ። ብትዘነበዪም ወደ ጠርዙ ትዘነበያለሽ። እግር ካወጣሽ በኋላ ወደ ግራ አትዘንበዪ፤ ቀኙ ወጥቶ ክብደትሽ ወደ ግራ ከሄደ ያስወጣሽው እግር አይረዳሽም።

የኤስፒዲ ክሊት በዋናነት በሁለት ዓይነት ይሸጣል። ኤስኤች 51 የሚባለው የሚለቀው ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ነው። ኤስኤች 56 ግን በሌሎች አቅጣጫዎችም፣ አጥብቀው ሲጎትቱትም ይለቃል። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ በኋላ ስትለምጂ ትቀይሪዋለሽ።

ጥያቄ፦ ቀይ ክሊት ጥሩ ነው ተብዬ ገዛሁ፣ እግሬ ግን ታስሮ ቀረ። ጓደኛዬም ቀይ ነው የሚጠቀመው፣ እሱ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል።

መልስ፦ ጓደኛዎ ሉክ ነው፣ እርስዎ ሺማኖ ነዎት። ቀለሙ የሚናገረው ተረከዝ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስበትን ነፃነት ነው፤ ሁለቱ ኩባንያዎች ግን ቀዩን በተቃራኒው ነው የተጠቀሙበት። በሺማኖ ኤስፒዲ ኤስኤል ቀይ 0 ዲግሪ፣ ሰማያዊ 2፣ ቢጫ 6 ነው። በሉክ ኬዮ ጥቁር 0፣ ግራጫ 4.5፣ ቀይ 9 ነው። ማለትም የእርስዎ ቀይ ጭራሽ የማይላወሰው ሲሆን የእሱ ቀይ ከሁሉም ልቅ የሆነው ነው። ቢጫውን ይግዙ። 0 ዲግሪ ክሊት አቀማመጡ በባለሙያ ለተለካለት ሰው ነው፤ ለሌላው የጉልበት በሽታ መግዣ ነው።

ጥያቄ፦ ክሊት ካሰርኩ ወዲህ ጉልበቴን ያመኛል። ፔዳሉን ልቀይር? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ቆይ፣ ፔዳሉ ምን አደረገ? መጀመሪያ ክሊቱ የታሰረበትን ቦታ እንይ።

ጫማውን አድርገው ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለውን የእግር ጉብታ በእጅዎ ይዳስሱና በጫማው ጎን ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ከትንሿ ጣት ሥር ያለውንም በሌላው ጎን እንዲሁ። የፔዳሉ ዘንግ በእነዚህ ሁለት ምልክቶች መካከል እንዲውል ክሊቱን ያስተካክሉ። ክሊት ከዚህ ወደ ጫማው ጫፍ ከሄደ ቁርጭምጭሚትና ባት ይደክማሉ፤ ጥቂት ወደ ተረከዝ ቢሸሽ ጉዳት የለውም፣ ለረጅም መንገድ እንዲያውም ብዙዎች ይወዱታል።

ቀጥሎ የእግር አቅጣጫ። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ያንጠልጥሉትና ጣቶችዎ ወዴት እንደሚያዩ ይመልከቱ። ወደ ውጭ የሚያይ እግር ያለውን ሰው ክሊቱ ቀጥ ብለህ ካልሄድክ ብሎ ሲያስገድደው ጠቡን የሚከፍለው ጉልበት ነው። ሁለቱ እግሮች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ ይሥሩ። ሲቀይሩ በአንድ ጊዜ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ፣ ከዚያ ጥቂት ጉዞ፣ ከዚያ እንደገና። ከመንካትዎ በፊት የድሮውን ቦታ በማርከር ያስምሩበት።

ሕመሙ ከጉልበት ፊት ለፊት ከሆነ ኮርቻዎንም ይለኩት፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያሳምማል። የጫማው ሶል ውፍረት ሲለወጥ የኮርቻው ከፍታም አብሮ እንደሚለወጥ አይዘንጉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለዎት ወደ ፊዚዮቴራፒስት ነው እንጂ ወደ ሱቅ አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ቤት ውስጥ ባለው ፔሎተን የምጠቀምበት ጫማ አለኝ። የመንገድ ብስክሌት ስገዛ ይሆነኛል?

መልስ፦ ጫማው ይሆናል፣ ክሊቱ አይሆንም። የፔሎተን ብስክሌት ከሉክ ዴልታ ጋር የሚሄድ ፔዳል ነው ያለው። ዴልታ የሉክ የቀድሞው ሥርዓት ነው፤ ከኬዮ ጋር አይገጥምም። ጫማው ሦስት ቀዳዳ ስላለው ግን ዴልታውን ፈትተው ኬዮ ወይም የሺማኖ ክሊት ማሰር ይችላሉ። ሁልጊዜ መፍታትና ማሰር ካሰለቸዎት የቤቱን ፔዳል ይቀይሩ፤ ተራ የፔዳል ጥርስ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ የሺማኖ ውዱን ፔዳል፣ ዱራ ኤስን፣ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። የቅርቡ የሺማኖ 105 ጥንድ 265 ግራም ነው፤ አልቴግራ 248፤ ዱራ ኤስ 228። ከታች እስከ ላይ ያለው ልዩነት 37 ግራም ነው፤ በውኃ መያዣዎ ውስጥ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ውኃ ማለት ነው። የሚነክሱትም አንድ ዓይነት ክሊት ነው። 105 ይግዙና የተረፈውን ጫማ ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ስፒድፕሌይ የሚባለው ፔዳልስ?

መልስ፦ ክብ፣ ትንሽ፣ በሁለቱም ፊት የሚገባ፤ ነፃነቱም እስከ 15 ዲግሪ ስለሚስተካከል ጉልበቱ ለሚያስቸግረው ሰው ጥሩ ነው። የሚነክሰው አካል ያለው ግን ፔዳሉ ላይ ሳይሆን ክሊቱ ውስጥ ነው። አቧራና ጭቃ የሚረግጥ ጫማ ሥር እንዲህ ያለ ነገር መያዝ እኛ አገር ጽዳት ይፈልጋል። ክሊቱም ውድ ነው። ዋሁ እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያውን ከገዛው በኋላ ሥርዓቱ ስለታደሰ ያገለገለ ሲገዙ የትኛው ትውልድ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ክሊት ፔዳል ከመምጣቱ በፊት ተወዳዳሪዎች በምን ይነዱ ነበር?

መልስ፦ ጫማን በብረት ቀፎና በቆዳ ጠፍር ከፔዳል ጋር አጥብቀው ያስሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ እነ ገረመው ደንቦባ ኢትዮጵያን ወክለው ሲወዳደሩ ዘመኑ የጠፍር ነው፤ ለመውረድ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ቺኔሊ ያለ ጠፍር የሚይዝ ፔዳል ሠራ፤ እሱም ለመልቀቅ እጅ ይፈልግ ስለነበር አልተስፋፋም። ሉክ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ማሰሪያ አምራች ነበር፤ ያንኑ አሠራር ወደ ፔዳል አመጣው። ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ በርናር ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ቱር ደ ፍራንስን በእሱ ካሸነፈ በኋላ ጠፍር ዘመኑ አለፈ። የሺማኖ ኤስፒዲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ጥያቄ፦ የግራ ፔዳሌ አልፈታ ብሎ መፍቻ ሰበርኩበት።

መልስ፦ እያጠበቁት ነበር። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሕግ ይበቃዎታል፦ መፍቻውን ሽቅብ አቁመው ጫፉን ወደ ኋላ ጎማ ከገፉት በሁለቱም በኩል ይፈታል፤ ወደ ፊት ጎማ ከገፉት ይጠብቃል። መልሰው ሲያስገቡ ጥርሱ ላይ ግሪስ ይቀቡ፣ መጀመሪያ በጣት ብቻ ያዙሩት። ካስቸገረ ወይ ተጣሟል፣ ወይ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል፤ በመፍቻ ካስገደዱት ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ፣ የክራንኩ፣ ጥርስ ይላጣል፣ ክራንክ ደግሞ ከፔዳል ይወደዳል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፔዳል ስገዛ ምን ልይ? (መቐለ)

መልስ፦ ዘንጉን በጣትህ ይዘህ አሽከርክረው። ኮረት ያለበት ያህል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ፔዳሉን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው፤ ከላላ ማስጠበቅ ይቻል እንደሆነ እዚያው ጠይቅ። ጫማ የሚያርፍበት ፊት ላይ የተበላ ቦይ ካለ ክሊት አዲስም ቢሆን ይዋልላል። የመልቀቂያ ብሎኗ ጭንቅላት ካልተላጠ፣ በሁለቱም ፔዳል ላይ የምትዞር ከሆነ ዋጋ ተነጋገር። አብረው የሚመጡትን ያረጁ ክሊቶች በዋጋው ውስጥ አትቁጠራቸው፤ አዲስ መግዛትህ አይቀርም።