የሥራ ወደብን ማቆየት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ኢኮኖሚክስ የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሥራ ወደብ ነው፤ መርከብ ስለሚራገፍበት፣ ስለሚጠገንበት፣ ፋብሪካ ስላለበት የከተማ ዳርቻ። ከተማው ቦታውን ለአፓርታማና ለሆቴል ከመስጠት ይልቅ ቢያቆየው ምን ያተርፋል የሚለውን ነው የማጠናው። አማካሪዬ ርዕሱን ወዶታል። ጓደኞቼ ግን ‹በዚህ ማን ይቀጥርሻል? የአሮጌ መጋዘን ዘበኛ ልትሆኚ ነው?› እያሉ ይስቁብኛል። አሁን ደግሞ ሪል እስቴት ድርጅት ውስጥ የተግባር ልምምድ አግኝቻለሁ። ርዕሴን ልቀይር?»

ውድ እህቴ፣ ርዕስሽን አትቀይሪ። ልምምዱንም ውሰጂው። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። መሃል ከተማ ላይ የነበሩ ብዙ ወደቦች ሞተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በ1956 «አይዲል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭና ከኒዋርክ ወደ ሂውስተን ሄደች። ከዚያ ወዲህ የጭነት ሥራ መልኩን ቀየረ። ኮንቴይነር ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ የድሮዎቹ ጠባብ ማራገፊያዎች ደግሞ ያን የላቸውም። የማንሃታን ጭነት ወደ ኒው ጀርሲ፣ የሳን ፍራንሲስኮው ወደ ኦክላንድ ተሻገረ። የለንደኑ ኢስት ኢንዲያ ዶክ በ1967 ተዘጋ፤ ሮያል ዶክስ በ1981። ስለዚህ ጽሑፍሽ «ማንኛውም አሮጌ ማራገፊያ ይጠበቅ» የሚል ከሆነ ማንም አይሰማሽም። እኔም አልሰማሽም።

ሁሉም ጭነት ግን በኮንቴይነር አይሄድም። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶ፣ ጨው፣ ነዳጅ፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ ዓሣ አለ። ጎታች ጀልባዎችና የመርከብ ጥገናም አለ። እነዚህ ከተማው አጠገብ መሆን ይፈልጋሉ፤ የሚጠቀምባቸው ከተማው ራሱ ነውና። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ የዶሚኖ ስኳር ፋብሪካ ከ1922 ጀምሮ ወደቡ ዳር ቆሟል፤ ጥሬ ስኳሩ እስካሁን በመርከብ ይመጣለታል። ከተማው በ2004 ጥልቅ ውኃ ያላቸውን የኢንዱስትሪ ቦታዎች ከአፓርታማና ከሆቴል የሚከላከል ልዩ ቀጠና ደነገገ። ለንደን ከ1997 ጀምሮ ቴምዝ ወንዝ ላይ «የተጠበቁ ማራገፊያዎች» አሏት። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው በ1978 ነው። በሜን ግዛት የምትገኘው ፖርትላንድ ደግሞ በ1987 ነዋሪው ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ከባሕር ሥራ ውጪ የሆነ ግንባታን ለ5 ዓመት አገደ።

ከእነዚህ ውሳኔዎች ጀርባ ቁጥር የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ያንቺ ሙያ እዚያ ጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። በየስብሰባው የሚነሳብሽ አንድ ነው፦ «አፓርታማው በካሬ ሜትር ስንት እጥፍ ግብር ይከፍላል!» አትካጂ። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የግብር ደረሰኙ ላይ የማይታየውን ቁጠሪ።

ጥልቅ ውኃ ዳር ያለ መሬት ተራ መሬት አይደለም። ደለሉ እየተጠረገ የሚጠበቅ የመርከብ መንገድ፣ የወደብ ግንብ፣ ብዙ ጊዜ የባቡር ሐዲድ፣ ከባድ መኪና የሚችል መንገድ፣ ሌሊት ጫጫታ የማሰማት ፈቃድ፤ ይሄ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የተከማቸ ሀብት ነው። አብዛኛውን የከፈለውም ሕዝቡ ነው። አፓርታማው ከዚህ ሁሉ የሚጠቀመው በዕይታው ብቻ ነው። ዕይታ ደግሞ ሌላ ዳርቻም ይገኛል።

ጭነቱን እንይ። አንድ የወንዝ ጭነት ጀልባ፣ ባርጅ የሚሉት፣ 1,500 ቶን ያህል ይይዛል። መኪናው 25 ቶን ይጫን ብንል 60 ምልልስ ማለት ነው። ማራገፊያው ቢዘጋ ከተማው አሸዋ መጠቀም አያቆምም። አሸዋው በመንገድ ይመጣል። አስፋልቱን ማን ይጠግናል? የትራፊክ መጨናነቁን ማን ይከፍላል? የኮንክሪት ዋጋስ? እዚህ ጋ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለሽ።

ደሞዙንም አትርሺ። ክሬን ኦፕሬተር፣ በያጅ፣ የናፍጣ ሞተር መካኒክ፤ ዲግሪ ሳይኖራቸው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ወደቡ ሆቴል ሲሆን የሚመጣው ሥራ ስንት ይከፍላል? የሥራውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ክፍያውን ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ብዙ ተማሪ የሚያልፈው ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ እርግጠኝነት። ቦታው «ነገ ለአፓርታማ ይፈቀድ ይሆናል» የሚል ወሬ ብቻ ወደቡን ያዳክመዋል። ባለ መሬቱ ዋጋው እስኪወጣ እየጠበቀ አጭር ውል ብቻ ይሰጣል። የ5 ዓመት ውል ያለው ድርጅት 30 ዓመት የሚያገለግል ክሬን አይገዛም። ክሬኑ ያረጃል፣ ሥራው ይቀንሳል፣ ከዚያ «ያው ወደቡ ሞቷል» ይባላል። አንድ ሕንፃ ከገባ በኋላ ደግሞ አዲሶቹ ነዋሪዎች ስለ ጫጫታ ይከሳሉ፤ የጎረቤቱ ማራገፊያም ይከተላል። የጥበቃ ሕግ ትልቁ ዋጋ ይህን ወሬ ማስቆሙ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ነገር መለካት ከባድ ነው፤ ግን የውል ዘመንንና የጥገና ወጪን ከመዝገብ አውጥተሽ ብታነጻጽሪ ፈታኞችሽ ቀና ብለው ያዩሻል።

አንዴ የሄደም አይመለስም። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ሬድ ሁክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ የመርከብ መጠገኛ ገንዳ ነበር። ተደፍኖ በ2008 ለተከፈተው የአይኪያ የቤት ዕቃ መደብር መኪና ማቆሚያ ሆነ። ያን ገንዳ እንደገና መቆፈር የሚያዋጣው ማንም የለም። በአንጻሩ ማሳቹሴትስ የምትገኘው ኒው ቤድፎርድ የሥራ ወደቧን ይዛ ቆየች። በ2015 ለባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ግንባታ ተብሎ የተሠራ ከባድ ጭነት የሚችል ማራገፊያ ተጠናቀቀባት። በ1978 ሕጉ ሲወጣ ስለ ነፋስ ተርባይን ማን ያስብ ነበር? ኢኮኖሚስቶች «የአማራጭ ዋጋ» (ኦፕሽን ቫልዩ) የምትሉት፣ ነገ ለሚመጣ ዕድል በሩን ክፍት ማቆየት ያለው ዋጋ፣ ይኸው ነው።

ማቆየት ማለት ግን ቦታውን እንደነበረ ማድረቅ አይደለም። የብሩክሊን ኔቪ ያርድ፣ የባሕር ኃይሉ መርከብ መሥሪያ የነበረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 70,000 ያህል ሠራተኛ ነበረው። በ1966 ተዘጋ። ከተማው መሬቱን ገዝቶ ለኢንዱስትሪ አቆየው። ዛሬ ከ10,000 በላይ ሰው ይሠራበታል፤ ብዙዎቹ ከመርከብ ጋር ምንም አይገናኙም። የፊልም ስቱዲዮ ሳይቀር አለ። ይሄን ምሳሌ ስታነሺ ግን «ወደብ ተጠበቀ» ነው ወይስ «የፋብሪካ ቦታ ተጠበቀ» ብለሽ ለዪ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። የወደብ ሪፖርቶች «ይህን ያህል ሺህ ሥራ ፈጠርን» ይላሉ። ቁጥሩ ውስጥ ቀጥተኛ ሠራተኞች አሉ፣ አቅራቢዎች አሉ፣ ሠራተኛው ደሞዙን የሚያወጣበት ሱቅ ባለቤትም አለ። ብዙውን ጊዜ ጥናቱን ያዘዘው ወደቡ ራሱ ነው። ዝም ብለሽ አትገልብጪው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ማራገፊያው ቢዘጋ የትኛው ሥራ ይጠፋል፣ የትኛው ወደ ጎረቤት ወደብ ይሄዳል? ለከተማው ኪሳራ የሆነ ለአገሩ ኪሳራ ላይሆን ይችላል። ድንበርሽን ገና መግቢያው ላይ አስምሪ።

ማን ይቀጥርሻል? «የወደብ ጠባቂ ኢኮኖሚስት» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። የወደብ አስተዳደሮች የመሬትና ኪራይ ክፍል አላቸው። የከተማ ፕላን ቢሮዎች፣ የትራንስፖርት አማካሪ ድርጅቶች፣ የልማት ባንኮች አሉ። ፈቃዳቸው እንዳይነጠቅ የሚሟገትላቸው ሰው የሚፈልጉ የሲሚንቶና የጠጠር ኩባንያዎችም አሉ። የሥራ መደቡ ስም «የመሬት አጠቃቀም ተንታኝ» ወይም «የጭነት ትራንስፖርት ፕላነር» ሊሆን ይችላል። ሜዳው ጠባብ ነው፤ አልደብቅሽም። ግን ተፎካካሪውም ጥቂት ነው።

ጂአይኤስ የሚሉትን፣ መረጃን ካርታ ላይ አስቀምጦ የሚተነትን የኮምፒውተር መሣሪያ፣ ልመጂ። ኤክሴል ላይ የ30 ዓመት ገቢና ወጪን ወደ ዛሬ ዋጋ መቀየር ጣትሽ እስኪለምድ ሥሪ። የኪራይ ውል ማንበብንም ልመጂ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ፈቃድ አውጥተሽ አንድ ማራገፊያ ግቢ። ፎርማኑን ጠይቂው፦ የውኃው ጥልቀት ስንት ነው? በወር ስንት ቶን ያልፋል? ውሉ መቼ ያልቃል? ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ስለ ዓለም ወደቦች ከምታወሪ አንዱን ማራገፊያ አብጠርጥረሽ ብታውቂ ይሻልሻል።

ወደ ሪል እስቴቱ ልመለስ። ወደቡን የሚገዛው ወገን እንዴት እንደሚያሰላ የምታዪው እዚያ ነው። መሬቱን ስንት ይገምቱታል? የፕላን ለውጥ ይመጣል ብለው ምን ያህል ይጨምራሉ? የወለድ ግምታቸው ስንት ነው? ይሄን ያወቀ ሰው የግብሩን ክርክር በራሳቸው ሂሳብ መመለስ ይችላል። ግን ሁለት ጥንቃቄ፦ እዚያ እየሠራሽ መሆኑን ለአማካሪሽ ንገሪ፤ የድርጅቱንም መረጃ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ጽሑፍሽ ውስጥ አታስገቢ።

ሽያጭ ክፍል ከመደቡሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ ወደ አዋጭነት ጥናት ወይም ወደ መሬት ግዢ እንዲያዛውሩሽ ጠይቂ። ብሮሹር ስትበትኚ ከርመሽ ብትወጪ ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ምንም አታገኚም።