ከከባድ ቃል ሳይሆን ከተራ ስም ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደሴ ሆነሽ ለአይልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) እየተዘጋጀሽ ነው። ከቴሌግራም ያወረድሽውን የ«ከባድ ቃላት» ዝርዝር በቀን 30 እየሸመደድሽ በሳምንቱ ብን ብሎ ይጠፋብሻል። ድርሰት ላይ ስትጠቀሚባቸው ደግሞ አስተማሪሽ ቀይ በቀይ ያደርገዋል። «ታዲያ አድቫንስድ ቮካቡላሪ (ከፍ ያለ የቃላት እውቀት) እንዴት ነው የሚዳብረው?» ብለሻል። «ፊልም እዪ በቃ» የሚለው የሌሎች መልስ ስላላረካኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ግዥ ክፍል ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከውጭ አቅራቢዎች ጋር በእንግሊዝኛ መጻጻፍ ነው ሥራዬ። ክፍል ውስጥም ቢሮ ውስጥም ያየሁት ችግር ያው ነው። ሰው የቃሉን ትርጉም ያውቃል፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ ግን አያውቅም።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። «ፕሌቶራ» የምትለዋን ቃል ከዝርዝር ሸመደዳት። ትርጉሟ «ከበቂ በላይ ብዛት» ይላል። ስለ ድህነት ጻፍ ሲባል «ኤ ፕሌቶራ ኦፍ ፖቨርቲ» ብሎ ቁጭ! ቃሏ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠር ነገር ትፈልጋለች፤ አማራጮች፣ መጻሕፍት፣ ችግሮች። ድህነት አይቆጠርም። ቃል እንደ ሙሽራ ሚዜዎቹን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ልጁ ግን ሙሽራዋን ብቻዋን አመጣት።

ስለዚህ ዝርዝሩን ለጊዜው አስቀምጪውና ፈተና ላይ ልትጽፊበት ከምትችይው ተራ ስም ጀምሪ። ትምህርት፣ ጤና፣ ከተማ፣ ሥራ አጥነት፣ ድህነት። ለአንድ ስም አንድ ገጽ ስጪ። «ፖቨርቲ» ብለሽ መሃል ላይ ጻፊ። በግራ በኩል ግሦቹን ደርድሪ፦ አሊቪዬት (ማቃለል)፣ ኢራዲኬት (ጨርሶ ማጥፋት)፣ ፎል ኢንቱ (መውደቅ)፣ ኤስኬፕ (ማምለጥ)። ከላይ ቅጽሎቹን፦ ኤክስትሪም፣ ዋይድስፕሬድ፣ ሩራል። በቀኝ ተከትለውት የሚመጡትን፦ ላይን፣ ሪዳክሽን። (ስፔሊንጉን ራስሽ ፈልጊ፣ የዛሬ የቤት ሥራሽ ይሁን።) ከታች ደግሞ የራስሽን ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን የምታውቂው ነገር። ሰኞ ገበያ ላይ ችርቻሮ ሸጣ ልጆቿን ስለምታስተምር እናት ሊሆን ይችላል። ከቃላቱ ግማሹን ቀድሞውኑ ታውቂያቸዋለሽ። አሁን ግን እጅሽ ላይ ገብተዋል።

ፈታኞቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የአይልትስ ጽሑፍ በአራት መስፈርት ነው የሚታረመው፤ የቃላት አጠቃቀም አንዱ ነው፣ ከውጤቱ 25 በመቶ ይይዛል። የባንድ 7 (ከ9 የውጤት ደረጃዎች ሰባተኛው) መግለጫ ብዙም ያልተለመዱ ቃላትን መጠቀም ይላል፤ ግን እዚያው አያይዞ የአጻጻፍ ስልትንና የቃላትን ተጓዳኝነት (የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ) መገንዘብን ይጠይቃል። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ አንብቦ ነው ዝርዝር ፍለጋ የሚሮጠው።

ዝርዝር ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ካልሽ ግን አንድ ደህና አለ። አቨሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው፣ 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) አሉት። ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ገደማውን ይሸፍናል። ሲያዩት አያስደነግጥም፤ አናላይዝ፣ ሲግኒፊካንት፣ ኮንትሪቢዩት ዓይነት ነው። አብዛኛው ተማሪ ንቆት ያልፈዋል፣ ከዚያ ድርሰቱ ውስጥ «ቢግ» እና «ቬሪ» ይደጋግማል።

ማንበብ የግድ ነው፣ ምን ማንበብ የሚለው ላይ ግን ምክር አለኝ። ታሪኩን በአማርኛ የምታውቂውን ነገር በእንግሊዝኛ አንብቢ። የወሎ ልጅ ስለሆንሽ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ጦርነት ላይ ምን እንደገጠማቸው ታውቂያለሽ። ስለዚያ ጦርነት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክፈቺ። «ሳፈር ኤ ዲሲሲቭ ዲፊት» (ወሳኝ ሽንፈት መሸነፍ) የሚል ቢመጣ መዝገበ ቃላት ሳትከፍቺ ይገባሻል፣ ማን እንደተሸነፈ ታውቂያለሻ! ስለ ልጅ ኢያሱ ሲያወራ «ዲፖዝድ» (ከሥልጣን የወረደ) ቢልም እንደዚያው። እንዲህ የተገኘ ቃል ታሪኩን ይዞ ስለሚቀመጥ ቶሎ አይጠፋም።

ያም ሆኖ መርሳት አይቀርም። መድኃኒቱ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ማንበብ ሳይሆን ቀናቱን እያራራቁ መመለስ ነው። ሰባስቲያን ላይትነር የሚባል ጸሐፊ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ በክፍል በክፍል የተከፈለ የጫማ ካርቶን ይበቃሻል። በወረቀት ቁራጮች ፊት ላይ ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ጀርባው ላይ ቃሉን ጻፊ። ያወቅሽው ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፣ ዘግየት ብለሽ ታይዋለሽ። የሳትሽው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስልክ ከመረጥሽ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ይሠራል፣ አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ካርዶችሽን ያሳይሻል። ሌላ ሰው የሠራውን ካርድ ግን አታውርጂ። ካርዱን ስትሠሪው ነው ግማሹ ጥናት የሚያልቀው።

እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ አዳምጣለሁ እንጂ አላነብም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ እየወረድሽ ስልክ ለማንበብ ከሞከርሽ ቃሉም ቁርሱም ነው የሚወጣው።

በመጨረሻ፣ ከእኔ በላይ አስተያየት የሰጠው አንዱ ልጅ የጂአርኢ (ለማስተርስና ከዚያ በላይ ለመግባት የሚጠየቅ ፈተና) ዝርዝር ልኮልሻል። ልጁ በደግ ልቡ ነው፣ ግን ያ ሌላ ፈተና ነው። ጂአርኢ ላይ በጎደለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባውን ቃል ምረጪ ትባያለሽ፤ ቃሉን ካላወቅሽው የለሽበትም፣ ስለዚህ እዚያ ብርቅ ብርቁን መሸምደድ ያዋጣል። ማስተርስ ውጭ ለመማር ካሰብሽና ትምህርት ቤቱ ጂአርኢ ከጠየቀሽ ያኔ አውጪው። አሁን አይልትስሽን ጨርሺ። የ«ፖቨርቲ»ን ገጽ ሠርተሽ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ማታ ማታ አየዋለሁ።