ስፔሊንግ ያስቸገራቸው ልጆች፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ ልጆቻችሁ ስፔሊንግ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣልኝ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን በየስማቸው እየጠራሁ እመልሳለሁ።

ቲቸር፣ የ2ኛ ክፍል ልጄ «ስኩል» ሲጽፍ ከኤስ ቀጥሎ አይ ያስገባል። ስንቴ አረምኩት! ጆሮው ችግር ይኖርበት ይሆን?

እህቴ፣ ጆሮው ደህና ነው። እንዲያውም ጥሩ ሰሚ ነው። እኛ «ስ»ን ለብቻዋ ስንጠራት ትንሽዬ ድምፅ ትከተላታለች። ልጅሽ ያቺን ድምፅ ሰምቶ በአይ ጻፋት። «ስስስስ» እያለ ሳያቋርጥ «ኩል» ላይ እንዲገባ አለማምጂው። በዚያው ቀን «ስፑን» እና «ስታር»ን ጨምሪበት። የ«ክ» ድምፅ በሲ-ኤች መጻፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከግሪክ የመጡ ቃላት ጠባይ ነው፤ «ኬሚስትሪ»ም እንደዚያው ነው። እሱን ለሌላ ቀን አቆይው።

መጨረሻ ላይ ያለችው ኢ ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች? ልጄ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ።

ወንድሜ፣ ልጅህ ጥሩ ጠይቃለች። ኢ ዝም ብትልም ሥራ አልፈታችም። ቲ-ኤ-ፒ «ታፕ» ነው። ኢ ስትጨመር «ቴፕ» ይሆናል። «ኪት»ም «ካይት» ይሆናል። ከኋላ ሆና የፊተኛው አናባቢ በስሙ እንዲጠራ ታደርጋለች። ጥንዶቹን ወረቀት ላይ ጻፍና ኢን በጣትህ ሸፈን ገለጥ እያደረግህ አስነብባት።

ሌላም ሥራ አላት። የእንግሊዝኛ ቃል በቪ ማለቅ አይወድም። «ሃቭ»፣ «ጊቭ» እና «ላቭ» መጨረሻቸው ላይ ኢ ያላቸው ለዚህ ነው። እዚያ ቪን ትደግፋለች እንጂ አናባቢውን አትነካም። ይህን አስቀድመን ካልነገርናት የመጀመሪያው ደንብ ውሸት ይመስላታል።

የልጅ ልጄን የማስጠናት እኔ ነኝ። «ዲነር» ላይ ኤን የሚደገመው ድምፁ ስለሚጠብቅ ነው አልኳት። ልክ ነኝ?

አባቴ፣ ይህን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስህተት ከዚሁ የሚነሳ ነው። በአማርኛ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን ያው ነው። እንግሊዝኛ ተቃራኒው ነው። ፊደሉ ይደገማል፣ ድምፁ አይጠብቅም። ታዲያ ለምን ይደገማል? ከእሱ በፊት ያለውን አጭር አናባቢ እንደ አጥር ሆኖ ለመጠበቅ ነው። አንዱን ኤን ቢያነሱት «ዳይነር» ይሆናል፤ ትርጉሙም ተመጋቢ ነው።

«ኢንግ» ሲቀጠልም ይኸው ነው። «ታፕ» ላይ ፒ ይደገምና «ታፒንግ» ይሆናል። «ቴፕ» ላይ ኢ ትወድቃለች፣ ፒ ግን ብቻውን ይቀራል፤ «ቴፒንግ»። ቃሉ አጭር ሆኖ በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ ካለቀ ተነባቢውን ድገሚ በሏት። ኤክስ፣ ደብሊውና ዋይ ግን አይደገሙም። ለልጅ ልጅዎ ግን እስካሁን ያስተማሯት ከንቱ አልሆነም። ላልቶና ጠብቆን የምታውቅ ልጅ ልዩነቱን ቶሎ ትይዛለች።

ሲ-ኬ መቼ ነው የሚጻፈው?

አጭር አናባቢ ከቀደመና የአጭር ቃል መጨረሻ ከሆነ፦ «ባክ»፣ «ዳክ»። ከፊቱ ሌላ ተነባቢ ካለ ኬ ብቻውን ይበቃል፦ «ሚልክ»፣ «ባንክ»።

ልጄ በእንግሊዝኛው ቃል ሥር አነባበቡን በአማርኛ ይጽፋል። ልተወው?

አስቁሚው። መርከብም በግም በአማርኛ ፊደል «ሺፕ» ናቸው። አጭሩና ረጅሙ ድምፅ አይለይም። መርከቡ በአንድ አይ፣ በጉ በሁለት ኢ እንደሚጻፍ ደብተሩ ይደብቅበታል። በቲ-ኤች ለሚጻፈው ድምፅ ደግሞ ጭራሽ ፊደል የለንም። በአማርኛው ፋንታ ሥዕል ይሣል።

«ናይፍ» ላይ ኬ ምን ትሠራለች?

ድሮ ትነበብ ነበር። ሌሊት ማለት በሆነው «ናይት» ውስጥ ያሉት ጂ-ኤችም ድምፅ ነበራቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ማተሚያ ከተከለ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ። አነጋገሩ ግን መለወጡን ቀጠለ። እኛስ ንጉሥን በ«ሠ» የምንጽፈው በጆሮ ተለይቶ ነው? ልጆች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይበራል።

ሐሙስ ማታ 20 ቃል እናጠናለን። ዓርብ ዲክቴሽን ይደፍናል። ሰኞ ግን ምንም የለም።

20 ቃል በአንድ ማታ አይያዝም። 5 ቃል ይበቃል፤ አምስቱም አንድ ጠባይ ያላቸው ይሁኑ። ቃሉን ይይ፣ ይሸፍን፣ ከራሱ ይጻፍ፣ ገልጦ ያመሳክር። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ 10 ደቂቃ። ካለፈው ሳምንት 2 ቃል ቀላቅሉበት።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ስትሄዱ ደግሞ ታፔላ አስነብቡት። «ፋርማሲ» እና «ፎቶ» ላይ የኤፍ ድምፅ በፒ-ኤች ተጽፎ ያገኘዋል። «ባንክ» ላይ የኬን ደንብ ያያል። ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሄዳችሁ አንድ መጽሐፍ አውጥቶ የሳምንቱ ጠባይ ያለበትን ቃል ይፈልግ። ራሱ ያገኘው ቃል አይጠፋበትም።

የተሳሳተውን 50 ጊዜ ባስጽፈውስ?

እባክህ ተው። እኔ ልጅ ሆኜ «ቢኮዝ»ን 100 ጊዜ አጽፈውኝ ነበር። 40ኛው ላይ አንድ ፊደል ሳትኩ፤ የቀሩትን ከዚያ እየገለበጥኩ ሁሉንም በስህተት ሞላሁ። ቃሉ 7 ፊደል አለው። ልጅህ 6ቱን ካገኘ ለስድስቱ ራይት አድርግለት። ከዚያ የሳታትን አንዷን አብራችሁ ፈልጉ።

ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። ይህን ሁሉ ሞክሬ አልሆነም።

እህቴ፣ መጀመሪያ አማርኛ አስነብቢያት። አማርኛውንም ፊደል እየዘለለችና እያቀያየረች ከሆነ ስንፍና አይደለም። ዓይኗንና ጆሮዋን አስመርምሪ። ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብና የመጻፍ ችግርም አለ፤ ከብልህነት ማነስ የሚመጣ አይደለም። ደብተሯን ይዘሽ መምህሯን አነጋግሪ። አማርኛው ላይ ጎበዝ ከሆነች ግን የጎደላት የ1ኛ ክፍሉ መሠረት ነው። ሳታፍሪባት ከ«ካት» ጀምሩ።